ኮምፒውተራችሁ ስላልተንቀራፈፈ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም

ብዙ ሰው ኮምፒውተሩን የሚጠረጥረው ሲንቀራፈፍበት፣ ማስታወቂያ ሲጎርፍበት ወይም ፋይል ሲጠፋበት ነው። «ቫይረስ ገብቶበት መሆን አለበት» ይላል። ድሮ ይህ ጥርጣሬ ብዙ ጊዜ ልክ ነበር። ዛሬ ግን ከባዱን ጉዳት የሚያደርሱት ፕሮግራሞች እንዲህ ያለ ምልክት አያሳዩም። ይገባሉ፣ የሚፈልጉትን ይወስዳሉ፣ አንዳንዶቹም ሥራቸውን ሲጨርሱ ራሳቸውን ያጠፋሉ። ባለቤቱ የሚነቃው ኢሜይሉ አልከፈት ሲለው ነው። ወይም ወዳጆቹ ደውለው «ገንዘብ ላክልኝ ያልከኝ እውነት አንተ ነህ?» ሲሉት።

በዚህ ጉዳይ የምናወጣው ጉልበት አብዛኛው ቦታውን የሳተ ይመስለኛል። የትኛው አንቲቫይረስ ይሻላል ብለን እንከራከራለን። የቫይረስ ስም እንሸመድዳለን። ማልዌር፣ ማለትም ጉዳት ለማድረስ የተጻፈ ፕሮግራም ሁሉ፣ የሚገባባቸው በሮች ግን ጥቂት ናቸው። አብዛኞቹን የምንከፍታቸውም እኛው ራሳችን ነን። በሮቹን ያወቀ ሰው ነገ አዲስ ስም ያለው ማልዌር ቢመጣም ብዙ አይደናገጥም።

ሲጀመር ዝና ነበር

እ.ኤ.አ. በ1982 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሪች ስክሬንታ የተባለ የ15 ዓመት አሜሪካዊ ተማሪ ኤልክ ክሎነር የሚባል ፕሮግራም ጻፈ። ፕሮግራሙ በአፕል 2 ኮምፒውተሮች ፍሎፒ ዲስክ አማካይነት ይጋባ ነበር። ኮምፒውተሩ በተበከለው ዲስክ ለ50ኛ ጊዜ ሲነሣ አጭር ግጥም ስክሪኑ ላይ ያወጣል። ከዚያ ያለፈ ዓላማ አልነበረውም። በ1986 ደግሞ ፓኪስታን፣ ላሆር ከተማ ውስጥ ሁለት ወንድማማቾች ብሬይን የተባለውን ቫይረስ ሠሩ። ስማቸውን፣ አድራሻቸውንና ስልክ ቁጥራቸውን ኮዱ ውስጥ ጽፈውበት ነበር።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2 ቀን 1988 ሮበርት ሞሪስ የተባለ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የለቀቀው ወርም (ራሱ በኔትወርክ የሚሰራጭ ፕሮግራም)፣ ያኔ ገና ትንሽ በነበረው ኢንተርኔት ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ማሽኖችን አሽመደመደ። ፋይል አልሰረቀም፤ አልሰረዘምም። ችግሩ አንዱን ማሽን ደጋግሞ መበከሉ ነበር። ቅጂ በቅጂ ላይ ሲደራረብ ማሽኑ አቅም ያጣል። «የዘገየ ኮምፒውተር የተበከለ ነው» የሚለው እምነት የተወለደው በእንዲህ ያለው ዘመን ነው። የፕሮግራሙ ጸሐፊ መደበቅን ገና አልተማረም ነበር።

መደበቅን ያስተማረው ገንዘብ ነው። የመጀመሪያው ሙከራ የመጣው በ1989 ነው። በኤድስ ላይ መረጃ ይሰጣል የተባለ ፍሎፒ ዲስክ በ20,000 ገደማ ቅጂ በፖስታ ለብዙ ሰው ተላከ። ከተቀባዮቹ መካከል የዓለም ጤና ድርጅት የኤድስ ጉባኤ ተሳታፊዎች ይገኙበታል። ዲስኩን የተጠቀመ ሰው ኮምፒውተር ወደ 90 ጊዜ ያህል ከተነሣ በኋላ ፎልደሮቹ ይደበቃሉ፤ የፋይሎቹም ስም ይመሰቃቀላል። ከዚያ 189 ዶላር ፓናማ ወደሚገኝ የፖስታ ሣጥን እንዲላክ ይጠየቃል። ሐሳቡ ከጊዜው የቀደመ ነበር። ገንዘቡን ሳይያዙ መቀበል ግን አስቸጋሪ ሆነ።

ይህን ችግር ቢትኮይን የተባለው ዲጂታል ገንዘብ ፈታው። በ2013 ክሪፕቶሎከር ሲመጣ ፋይል በጠንካራ ምስጠራ መቆለፍና ክፍያን በቢትኮይን መቀበል አንድ ላይ ተገናኙ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሙሉ ንግድ ሆኗል። አንዱ ማልዌሩን ይጽፋል። ሌላው በወር ክፍያ ይከራየዋል። ሦስተኛው ሰብሮ የገባባቸውን የድርጅት ኔትወርኮች ይሸጣል። አራተኛው ከተጠቂው ጋር በዋጋ ይደራደራል። አጥቂው ኮድ መጻፍ የማይችል ሰው ሊሆን ይችላል። «እኔ ማን ነኝና ያጠቁኛል?» የሚለው ጥያቄም ለዚህ ነው የማያስኬደው። አብዛኛው ጥቃት ሰው መርጦ አይመጣም። ለሁሉም ይረጫል፤ ከተያዘው ሰው ላይ ምን እንደሚገኝ የሚታየው በኋላ ነው።

ስሞቹ ለምን ያምታታሉ?

ስሞቹ ሁለት ዓይነት ነገር ስለሚገልጹ ነው። ቫይረስ፣ ወርምና ትሮጃን የሚሉት ፕሮግራሙ እንዴት እንደሚደርስብን ይናገራሉ። ቫይረስ ሌላ ፋይል ላይ ተለጥፎ ይኖርና ሰው ያንን ፋይል ሲከፍት ይነቃል። ወርም ማንንም አይጠብቅም፤ የሶፍትዌር ክፍተት ፈልጎ ራሱ በኔትወርክ ይጓዛል። ትሮጃን ጠቃሚ ነገር መስሎ ይመጣና ባለቤቱ ራሱ ኢንስቶል ያደርገዋል። ራንሰምዌር፣ ስፓይዌር፣ አድዌር፣ ኪይሎገር የሚሉት ግን ከገባ በኋላ ምን እንደሚሠራ ነው የሚነግሩን። ፋይል ይቆልፋል፣ ይሰልላል፣ ማስታወቂያ ይደቅናል፣ የምትጽፉትን ፊደል ሁሉ ይመዘግባል። ስለዚህ አንድ ማልዌር ሁለትና ሦስት ስም ሊኖረው ይችላል። በ2017 ዓለምን ያናወጠው ዋናክራይ ወርምም ራንሰምዌርም ነበር።

በዚህ ጠባብ ትርጉሙ ቫይረስ የሚባለው ዓይነት ዛሬ ብዙ ቦታ የለውም። የእኔ ትኩረት ወርምና ትሮጃን ላይ ነው። ሁለቱ የሚገቡት በተለያየ በር ነው፤ መከላከያቸውም ይለያያል።

ሰው ሳይነካው የሚገባው

የወርም ታሪክ ሁሉ አንድ የሚያናድድ ነገር ይደጋግማል። መድኃኒቱ ከጥቃቱ በፊት ነበረ። ኤስኪውኤል ስላመር የተባለው ወርም በጃንዋሪ 2003 ሲለቀቅ መጠኑ 376 ባይት ብቻ ነበር። ለጥቃት ከተጋለጡት ማሽኖች አብዛኞቹን ለመበከል የፈጀበት ጊዜ 10 ደቂቃ ገደማ ነው። ክፍተቱን የሚደፍነው የማይክሮሶፍት ማስተካከያ ግን ከስድስት ወር በፊት ወጥቷል። ዋናክራይ ሜይ 12 ቀን 2017 ሲነሣም ታሪኩ ያው ነበር። ማስተካከያው የወጣው ማርች 14 ነው። ያም ሆኖ በ150 ገደማ አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒውተሮች ተቆለፉ። በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ታካሚ እስከ መመለስ ደረሱ። ስርጭቱን የገታው ማርከስ ሃቺንስ የተባለ ወጣት ባለሙያ ነው። ወርሙ ከመሥራቱ በፊት አንድ ያልተመዘገበ የድረ ገጽ አድራሻ እንደሚፈልግ አስተዋለና አድራሻውን በራሱ አስመዘገበው። ወርሙ አድራሻውን ሲያገኘው ሥራውን እንዲያቆም ተደርጎ የተጻፈ ነበር።

እንግዲህ «በኋላ አስታውሰኝ» የምንለው አፕዴት ማለት ይኸው ነው። አፕዴት ዳታ ይበላል፣ ጊዜ ይወስዳል፣ አንዳንዴም የለመድነውን ያበላሻል። ቅሬታው ይገባኛል። ነገር ግን አንድ ማስተካከያ ሲወጣ ክፍተቱ የት እንዳለ ለአጥቂዎችም ይነገራቸዋል። ማስተካከያውን መርምረው ክፍተቱን ያገኙታል፤ ያላዘመነውንም ሰው ይፈልጋሉ። ስለዚህ አደገኛው ጊዜ የሚጀምረው አፕዴቱ የወጣ ዕለት ነው።

የማዘመኛው መስመር ራሱ የተጠለፈበት ጊዜም አለ። በጁን 2017 ኖትፔትያ የተባለው ጥቃት የተሰራጨው ዩክሬን ውስጥ ብዙ ድርጅት የሚጠቀምበት የሒሳብ ሶፍትዌር አፕዴት ውስጥ ተደብቆ ነው። ይህን ሰምቶ አፕዴት የሚፈራ ሰው አለ። እኔ ግን አሁንም አዘምኑ ነው የምለው። በተጠለፈ አፕዴት የሚጠቃው ሰው ባለማዘመኑ ከሚጠቃው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው።

አፕዴት የማያገኝ መሣሪያ ግን ሌላ ጣጣ ነው። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ለተጨማሪ የደኅንነት ማስተካከያ ያልተመዘገበ ማሽን ከዚያ በኋላ የሚገኙ ክፍተቶች ሳይደፈኑ ይቀሩበታል። የቤት ዋይፋይ ራውተርና የደኅንነት ካሜራም ኮምፒውተሮች ናቸው። በ2016 ሚራይ የተባለው ማልዌር እንዲህ ያሉ መሣሪያዎችን የያዘው ከፋብሪካ ይዘውት የወጡትን የይለፍ ቃል እየሞከረ ነው። ከዚያ የተያዙትን መሣሪያዎች በአንድ ጊዜ አዝምቶ ትልልቅ ድረ ገጾች ለሰዓታት እንዳይከፈቱ አደረገ። ራውተራችሁ ላይ «አድሚን» የሚለው የይለፍ ቃል ዛሬም ካለ ቀይሩት።

በእጃችን የምናስገባው

ዋናው በር ይህ ነው።

በሜይ 2000 «እወድሃለሁ» የሚል ርዕስ ያለው ኢሜይል በአንድ ቀን ዓለምን አዳረሰ። አባሪው የፍቅር ደብዳቤ ይመስል ነበር። ስሙ በ«ቲኤክስቲ» የሚያልቅ ተራ የጽሑፍ ፋይል ይመስላል። እውነተኛው መጨረሻ ግን «ቪቢኤስ» ነበር፤ ሲከፈት የሚሠራ ኮድ ማለት ነው። ዊንዶውስ የፋይልን የመጨረሻ ቅጥያ ስለሚደብቅ ተቀባዩ አላየውም። ጸሐፊው ፊሊፒንስ ውስጥ ቢታወቅም አገሪቱ ያኔ ለእንዲህ ያለ ወንጀል ሕግ ስላልነበራት ሳይቀጣ ቀረ።

የሚገርመው ዊንዶውስ ይህን ቅጥያ ዛሬም ሳይነኩት ይደብቀዋል። «ሲቪ ነጥብ ፒዲኤፍ» የሚል የሚመስላችሁ ፋይል ከጀርባው «ነጥብ ኢኤክስኢ» ሊኖረው ይችላል፤ ሰነድ ሳይሆን ፕሮግራም ነው ማለት ነው። ምስሉም የፒዲኤፍ ምስል ሊሆን ይችላል፤ ምስል መቀየር ቀላል ነው። በፋይል ኤክስፕሎረር ውስጥ «ቪው» የሚለውን ከፍታችሁ የፋይል ስም ቅጥያ እንዲታይ አድርጉ። አንዴ ብቻ የሚደረግ ነገር ነው። ከየትኛውም አንቲቫይረስ በፊት ይህን ብታደርጉ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ክራክ ልምጣ፤ የሚሸጥ ሶፍትዌርን ሳይከፍሉ ለመጠቀም መቆለፊያውን የሚሰብር ፋይል ማለት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ጆሮውን እንደሚደፍን አውቃለሁ። የሶፍትዌር ዋጋ ለብዙዎች የማይቀመስ መሆኑንም አውቃለሁ። ነገር ግን የአሠራሩን ቅደም ተከተል ተመልከቱት። የተሰነጠቀ ሶፍትዌር የሚያወርድ ሰው መጀመሪያ «አንቲቫይረስህን አጥፋ፣ አለበለዚያ በስህተት ያግድሃል» ይባላል። ያጠፋል። ቀጥሎ ፋይሉ በይለፍ ቃል ተቆልፎ ይመጣል፤ የይለፍ ቃሉ ከሊንኩ አጠገብ ተጽፏል። ለሁሉም የተጻፈ የይለፍ ቃል ለምን ያስፈልጋል? የተቆለፈ ፋይል ውስጥ ያለውን አንቲቫይረስ ማየት ስለማይችል ነው። በመጨረሻ «ራን አዝ አድሚኒስትሬተር» በል ይባላል። ይላል። በሦስት ደረጃ ጥበቃውን አነሣ፣ ፋይሉን ከምርመራ አሳለፈ፣ ሙሉ ሥልጣን ሰጠ። ከዚህ በኋላ አጥቂው መስበር ያለበት ነገር የለም።

ክራኩም ይሠራል፤ ፕሮግራሙ ይከፈታል። ሰውየው «ምንም አልሆንኩም» ብሎ ለጓደኛው ያካፍላል። አታላይነቱ እዚህ ላይ ነው።

ለአብዛኛው ሥራ ነፃና ሕጋዊ አማራጭ አለ። ሊብሬኦፊስ ለጽሑፍና ለሠንጠረዥ፣ ጂምፕና ክሪታ ለምስል፣ ዳቪንቺ ሪዞልቭ በነፃ ቅጂው ለቪዲዮ። ሁሉም የለመዳችሁትን አይተኩም፤ መጀመሪያ ላይ ያታግላሉ። ግን ከአምራቹ ገጽ ላይ ይወርዳሉ፤ አንቲቫይረስ አጥፉም አይሏችሁም።

«ሮቦት አለመሆንዎን ያረጋግጡ»

ከ2024 ጀምሮ በብዛት የታየ ማታለያ አለ። አንድ ገጽ ትከፍታላችሁ። ሰው መሆናችሁን አረጋግጡ የሚል የተለመደው ሣጥን ይመጣል። ስትጫኑት ግን ሦስት ትእዛዝ ይሰጣችኋል። የዊንዶውስን ቁልፍና አርን አንድ ላይ ተጫኑ። ቀጥሎ ኮንትሮልና ቪ። ቀጥሎ ኢንተር።

የሆነው ይህ ነው። ሣጥኑን ስትጫኑ ገጹ እናንተ ሳታውቁ አንድ የኮድ መስመር ኮፒ አድርጎላችኋል። የመጀመሪያው ትእዛዝ የዊንዶውስን የትእዛዝ መስጫ ይከፍታል። ሁለተኛው ኮዱን እዚያ ይለጥፋል። ሦስተኛው ያስነሣዋል። ኮዱ ማልዌሩን ከኢንተርኔት ያወርዳል። በአጥቂው ዓይን ስታዩት ጥሩ የታሰበ ነው፤ ፋይል አላወረዳችሁም፣ አባሪ አልከፈታችሁም፣ ብራውዘሩም የሚያስጠነቅቀው ነገር አላየም። ትእዛዙን የሰጣችሁት ራሳችሁ ናችሁ።

ማንኛውም ድረ ገጽ፣ በየትኛውም ምክንያት፣ ከብራውዘሩ ውጭ የሆነ ቦታ ላይ አንዳች ነገር ለጥፉ ካላችሁ ገጹን ዝጉት። እውነተኛ ማረጋገጫ እንዲህ ብሎ አያውቅም።

ኩኪ ለምን ከይለፍ ቃል ይበልጣል?

በክራክም ሆነ በሐሰተኛው ማረጋገጫ በኩል ዛሬ በብዛት የሚገባው መረጃ ሰራቂ የሚባለው ዓይነት ነው። ሬድላይንና ሉማ ከታወቁት መካከል ናቸው። የሬድላይን መሠረተ ልማት በኦክቶበር 2024፣ የሉማ ደግሞ በሜይ 2025 በብዙ አገሮች ፖሊሶችና በኩባንያዎች ትብብር ተመትቷል። ሌሎች ግን ወዲያው ቦታቸውን ይይዛሉ።

ሥራቸው አጭር ነው። ብራውዘሩ ውስጥ የተቀመጡ የይለፍ ቃሎችን፣ የካርድ ቁጥሮችን፣ የክሪፕቶ ቦርሳዎችንና ኩኪዎችን ይሰበስባሉ፤ ወደ አጥቂው ይልካሉ። ከሁሉ የከፋው ኩኪው ነው። ኢሜይላችሁን አንዴ ከፍታችሁ ከገባችሁ በኋላ በየቀኑ የይለፍ ቃል የማትጠየቁት ብራውዘሩ «ይህ ሰው ገብቷል» የሚል ማስረጃ ስለያዘ ነው። ማስረጃው ኩኪው ነው። ያንን ኩኪ ወስዶ በራሱ ኮምፒውተር ላይ ያስቀመጠ ሰው እናንተን ሆኖ ይገባል። የይለፍ ቃል አይጠየቅም። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውም (ከይለፍ ቃሉ ሌላ የሚጠየቀው ኮድ) ቀድሞ ስለታለፈ ድጋሚ ላይጠየቅ ይችላል። «ኮድ እንኳን አልመጣልኝም፤ እንዴት ገቡ?» ለሚለው ጥያቄ አንዱ መልስ ይህ ነው።

ይህን ያነበበ ሰው ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ጥቅም የለውም እንዳይል። የተሰረቀ ወይም የተገመተ የይለፍ ቃል ብቻውን እንዳይሠራ የሚያደርገው እሱ ነው። በሜይ 2021 በአሜሪካ ትልቁን የነዳጅ መስመር ኮሎኒያል ፓይፕላይንን ለቀናት ያዘጋው ጥቃት የጀመረው በአንድ የይለፍ ቃል ነው። የማይሠራበት የቆየ የርቀት መግቢያ ነበር፤ ሁለተኛ ማረጋገጫ አልነበረውም። ኩባንያው 4.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፈለ።

ስለዚህ ማረጋገጫውን አብሩ፤ በኤስኤምኤስ ከሚመጣ ኮድ ይልቅ የማረጋገጫ መተግበሪያ ይሻላል። የይለፍ ቃሎቻችሁን ከብራውዘሩ አውጥታችሁ ለብቻው በሆነ የይለፍ ቃል ማስቀመጫ ውስጥ አስገቡ። የባንክንና የዋናውን ኢሜይል ገጽ ሥራችሁን ስትጨርሱ ውጡ። ውጡ ስል ታቡን ዝጉ ማለቴ አይደለም፤ «ሎግ አውት» በሉ። ስትወጡ የተሰረቀውም ኩኪ ብዙውን ጊዜ ዋጋ ያጣል።

ፍላሹን ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት

ፍላሽ ከፍታችሁ ፎልደሮቻችሁ ሁሉ ወደ ሾርትከት ተቀይረው አግኝታችሁ ይሆናል። ብዙ ሰው ደንግጦ ወዲያው ፎርማት ያደርገዋል። የሚያሳዝነው ፋይሎቹ ብዙውን ጊዜ እዚያው መኖራቸው ነው። ማልዌሩ አልሰረዛቸውም፤ ደብቆ በቦታቸው ሾርትከት አስቀምጧል። ሾርትከቱን ስትጫኑ ፎልደሩም ይከፈታል፣ ማልዌሩም ይነሣል። ስለዚህ ምንም የተለየ ነገር አይታያችሁም።

ሾርትከቱን አትጫኑ። ፋይል ኤክስፕሎረር ውስጥ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አድርጉ። በዚህ ብቻ ካልታዩ በፎልደር ምርጫዎች ውስጥ የሲስተም ፋይሎችን የሚደብቀውን ምልክት አንሡ። የራሳችሁ ፋይሎች ደብዘዝ ብለው ይወጣሉ። እነሱን ብቻ ወደ ንጹሕ ቦታ ገልብጡና በአንቲቫይረስ አስፈትሹ። ፎርማቱ ከዚያ በኋላ ነው። ኮምፒውተሩን ሳታጸዱ ፍላሹን ብቻ ብታጸዱ ግን ስትሰኩት ተመልሶ ይያዛል።

ፍላሽ ተራ ነገር እንዳይመስላችሁ። በ2010 የተገኘው ስታክስኔት፣ የኢራንን የናታንዝ የኒውክሌር ማዕከል ማሽኖች ለመጉዳት የተሠራው፣ ከኢንተርኔት የተለየ ኔትወርክ ውስጥ መግባት ነበረበት። ከተጠቀመባቸው መንገዶች አንዱ ፍላሽ ነው። በዊንዶውስ ሾርትከት ላይ በነበረ ክፍተት ሳቢያ የፍላሹን ይዘት ከፍቶ ማየት ብቻ ለመበከል ይበቃ ነበር።

ስልክ ላይ

አንድሮይድ ላይ ትልቁ አደጋ በቻት የሚላክ የመተግበሪያ ፋይል ነው። ከፕሌይ ስቶር ውጭ የሚጫን ነገር ሁሉ መርዝ ነው አልልም፤ ፕሌይ ስቶር ውስጥም ማልዌር ተገኝቶ ያውቃል። ዋናው መከታተል ያለባችሁ ፈቃዱን ነው። የእጅ ባትሪ መተግበሪያ የኤስኤምኤስ ፈቃድ ለምን ይፈልጋል? ከሁሉ በላይ ደግሞ «አክሰሲቢሊቲ» የሚለውን ፈቃድ ተጠንቀቁ። ይህ አገልግሎት የተሠራው ማየት ወይም ስክሪን መንካት ለሚቸገሩ ሰዎች ነው። የተሰጠው መተግበሪያ ስክሪኑ ላይ ያለውን ማንበብና በእናንተ ፋንታ መጫን ይችላል። የባንክ ትሮጃኖች አጥብቀው የሚለምኑት ለዚህ ነው።

እንደ ፔጋሰስ ያሉ፣ አንድም ነገር ሳይነካ የሚገቡ የስለላ መሣሪያዎች አሉ። ውድ ስለሆኑ የሚነጣጠሩት በተመረጡ ሰዎች ላይ ነው፤ ጋዜጠኞች፣ የመብት ተሟጋቾች፣ ፖለቲከኞች። እንዲህ ዓይነት ሥራ ላይ ያለ የአይፎን ተጠቃሚ አፕል በ2022 ያመጣውን «ሎክዳውን ሞድ» ቢያበራ ጥሩ ነው።

ፋይል ሲቆለፍ የሚያድነው

ራንሰምዌር ከገባ በኋላ ከአንቲቫይረስ ብዙ አትጠብቁ። ምስጠራው በትክክል ከተሠራ ያለ ቁልፉ አይፈታም። ዩሮፖል፣ የኔዘርላንድ ፖሊስና የደኅንነት ኩባንያዎች በ2016 የጀመሩት «ኖ ሞር ራንሰም» የተባለ ፕሮጀክት ለአንዳንድ ዓይነቶች መፍቻ በነፃ ይሰጣል። መሞከር ያለበት እሱ ነው። መክፈል ግን ፋይል ለመመለሱ ዋስትና አይሆንም፤ ለሚቀጥለው ጥቃትም ካፒታል ነው። ብዙዎቹ ቡድኖች ፋይሉን ከመቆለፋቸው በፊት ቅጂውን ስለሚወስዱም፣ የከፈለ ሰው ሚስጥሩ እንዳይወጣ የያዘው ነገር የሌቦች ቃል ብቻ ነው።

የሚያድነው ባክአፕ ነው፤ ሌላ ቦታ የተቀመጠ የፋይሎቻችሁ ቅጂ። ባክአፕ ስንል ግን ሁልጊዜ የተሰካ ሃርድ ዲስክ ማለት አይደለም። ራንሰምዌር የተሰካውን ሁሉ ይቆልፋል። ከኮምፒውተሩ ጋር በራሱ የሚመሳሰል የክላውድ ፎልደርም የተቆለፈውን ቅጂ ተቀብሎ ጥሩውን ሊተካበት ይችላል፤ የድሮ ቅጂ የሚያስቀምጥ መሆኑን አረጋግጡ።

ይህን ከማንም በላይ የሚያውቀው የመርከብ ድርጅቱ ሜርስክ ነው። በ2017 ኖትፔትያ ሲመታው የተጠቃሚዎቹን መለያ የያዙት ሰርቨሮች በዓለም ዙሪያ እርስ በርስ ይመሳሰሉ ነበርና ሁሉም አብረው ጠፉ። አንዱ ብቻ ተረፈ። ጋና የሚገኘው ሰርቨር ጥቃቱ ከመድረሱ በፊት መብራት ጠፍቶ ከኔትወርክ ወጥቶ ነበር። ኩባንያው የተነሣው ከዚያች ቅጂ ነው። የእናንተም ሰነድና ፎቶ ቢያንስ አንድ ቅጂ የተነቀለ መሆን አለበት። በሳምንት አንዴ ሰክታችሁ ገልብጡ፤ ንቀሉ፤ አስቀምጡ። አልፎ አልፎም ከዚያ ላይ አንድ ፋይል ከፍታችሁ በእርግጥ እንደሚሠራ እዩ።

አንቲቫይረስስ?

ያስፈልጋል። ዊንዶውስ ላይ አብሮ የሚመጣው ዲፌንደር ለአብዛኛው ሰው በቂ ነው፤ ካላጠፋችሁት። ሁለት አንቲቫይረስ አንድ ላይ መጫን እርስ በርስ ያጋጫቸዋል። የተሰነጠቀ አንቲቫይረስ የሚጭን ሰው ደግሞ ከላይ የተናገርኩትን በር በጠባቂው ስም እየከፈተ ነው። ማክ አይበከልም የሚለውም እውነት አይደለም። በ2012 ፍላሽባክ የተባለው ትሮጃን ከ600,000 በላይ ማኮችን ይዟል።

ሌላ ብዙ የማይነገርለት ነገር አለ። በየቀኑ የምትሠሩበት አካውንት የአስተዳዳሪ ሥልጣን እንዳይኖረው አድርጉ። ሁለተኛ፣ መደበኛ አካውንት ክፈቱና በሱ ሥሩ። አንድ ፕሮግራም ሙሉ ሥልጣን ሲፈልግ የይለፍ ቃል ይጠየቃል። ያቺ ቆም ማለት ብዙ ነገር ታስቆማለች።

ከገባስ በኋላ?

ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ከኢንተርኔት ለዩት። ዋይፋዩን አጥፉ ወይም ገመዱን ንቀሉ። ከዚያ በዚያው ኮምፒውተር ላይ የይለፍ ቃል አትቀይሩ፤ አዲሱንም ያያል። ንጹሕ በሆነ ሌላ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ከዋናው ኢሜይል ጀምሩ። የሌሎቹ አካውንቶች ሁሉ የይለፍ ቃል የሚታደሰው በሱ በኩል ነውና። የይለፍ ቃሉን ቀይሩ፤ «ከሁሉም መሣሪያዎች ውጣ» የሚለውንም ተጫኑ። ይህን ሁለተኛውን ከዘለላችሁ የተሰረቀው ኩኪ መሥራቱን ሊቀጥል ይችላል። ኢሜይላችሁ ውስጥ የማታውቁት የማስተላለፊያ ደንብ ወይም መልሶ ማግኛ ስልክ መጨመሩንም እዩ፤ አጥቂዎች ለመመለሻ የሚተዉት ነገር ነው። ቀጥሎ ባንክ፣ ከዚያ ቴሌግራምና ሌሎች ማኅበራዊ ሚዲያዎች። ጓደኞቻችሁንም በስማችሁ ገንዘብ ቢጠየቁ እንዳይልኩ ንገሯቸው። ይህን ለመናገር የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ኮምፒውተሩን በተመለከተ መረጃ ሰራቂ ወይም ራንሰምዌር ከገባ ማጽዳት ብቻ አያስተማምንም። ሰነዶችን አትርፋችሁ ሲስተሙን እንደ አዲስ መጫን ይሻላል። የመጫኛውን ፋይል ከማይክሮሶፍት ከራሱ ገጽ በሌላ ኮምፒውተር አውርዱት። ሰው ለሰው የሚያካፍለው፣ «ሁሉ ነገር አብሮት ያለ» ተብሎ ክራክ ተሞልቶበት የተዘጋጀ ዊንዶውስ አለ። በሱ ከጫናችሁ ማልዌሩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብሯችሁ ሊሆን ይችላል።